ጉድጓድ ቁጥር አርባ ሰባት

ፀሐይ ሳትበረታ ሱወይቅ ደረስን፣
ሞፊዙል ዶማውን፣ እኔ አካፋ ይዘን።
ከዘህራን እርሻ፣ ከቴምሮቹ መሐል፣
ራሳቸው ከዞረ፣ ቅጠላቸው ካረረ፣
ቁመት የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፈረ።

ሽማግሌው መጣ፣ ከዘራውን ተክሎ፣
«ለማን ነው?» አለ፣ መቃብር ነው ብሎ።
ማን ይመልስለት? የኔ አረብኛ የአካፋ አረብኛ፦
«ቁፈር»፣ «በቃ»፣ ደግሞ «ውኃ አምጡ ለእኛ»።

ዶክተር ራያ በመሰላል ወረደች።
ስሟን የሰማሁ ዕለት ለብቻዬ ሳቅሁ፤
እሷ ስሟ ራያ፣ እኔ ራያ ተወለድሁ።
በእነሱ ቋንቋ «ውኃ የጠገበች» ማለት ነው አሉኝ፤
ዝናብ የሚቀርበትን የኔን ራያ አስቤ፣ ዝም አልሁኝ።

በቢላዋ ጫፍ ግድግዳውን ላጠች፤
ከላይ ልል አሸዋ፣ ደረቅ ሥር ያንጠለጠለ፣
ከሥሩ ግራጫ፣ ከዚያ እንደ ሞራ ያለ
ነጭ ጭረት፣ ከዚያ እርጥበት፣ ከዚያ ዝምታ።
የቀለም ደብተር አላት፣ ገጹ የተበሳሳ፤
ጓል አርሳ ከቀለሙ ጋር ታስተያይና
«አሥር ዋይ አር፣ ስድስት፣ አራት» ትላለች። እጽፋለሁ።
እኛ ቤት ቢሆን ቡላ ነው፣ የአህያ ሆድ ቀለም፤
ለቡላ ግን ቁጥር የለም።

አሲድ ጠብ ስታደርግ አፈሩ ፍስስ አለ፣ አረፋ ደፈቀ፤
ሞፊዙል እንደ ልጅ ሳቀ።

ከዚያ የኔ ተራ። በምራቄ አርሼ፣ በጣቴ አሽቼ፣
እንደ ጥብጣብ ይሳብ፣ ይበጠስ እንደሆን አይቼ፣
በምላሴ ጫፍ ቀመስሁት። ሥራ ነው፤ ደሞዝ አለው።
እናቴ ስትቆጣ «አፈር ብላ!» ትል ነበር፤
ምግብ እምቢ ስላት ደግሞ «አፈር ስሆን፣ ብላ»፤
በአንዱ አፈር ረግማ፣ በዚያው አፈር አባብላ።
ይኸው በላሁላት፤
እየመዘገብሁ፣ እስከ አርባ ሰባት።

ጨው ነው።
ባሕሩ በላይ አልመጣም፣ ማዕበል አላነሣ፤
ሞተር ጣፋጩን ውኃ ሲስብ፣ ሲስብ፣
ባዶ ቤት እንዳገኘ ዘመድ በሥር ገብቶ
ጋደም አለ፣ ጫማውን አውልቆ።
«ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ» የሚለውን ተረት ማን ይንገረው?
ይኸ ጨው ለራሱ ሲል ጣፈጠ፤
ድንጋይ ነህ ተብሎ የተጣለው ገበሬው።

መሣሪያው አነበበ። ራያ ጠርሙሱን አጥባ እንደገና ለካች።
ቁጥር አያፍርም። ያፈርን እኛ ነን፣ አፈሩን ያየን፤
እስክሪብቶውን ከፍተን፣ ዘግተን፣ ከፍተን።

ዘህራን አልጠየቀም። ጎንበስ ብሎ ቆነጠረ፤
ቀመሰ፤ ዋጠው። እንግዳ ፊት አይተፋም።
ጨዋ ሰው ነው፣ ጨው ባፉ ሞልቶ።
«የአባቴ ውኃ እንዲህ አልነበረም» አለ ቆይቶ።

ከሰዓት በኋላ ሙጫ ቀብተን ጣውላ ለጠፍን፤
የጉድጓዱን ፊት፣ ከነሥሩ፣ ከነጨዉ፣ ገንጥለን አነሣን።
ሙስካት ይሰቀላል ለተማሪ፣ ከመስታወት ኋላ፤
ፊቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥሩ ነው፤ ቀኑ ነው፤ ሌላ የለም ሌላ።
ለአራት ተሸከምነው፤ አንዱን ጫፍ ዘህራን ያዘ።
እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት «አፈሩ ይቅለለው» ይባላል፤
አልቀለለም።
«ቀስ! ቀስ!» አለ መኪናው ላይ ስንጭነው፤
ይህችን አረብኛ አውቃታለሁ።

ሌሎቹ ሲታጠቡ በጣውላው ጀርባ በማርከር ጻፍሁ፣
ሙስካት ውስጥ ማንም በማያነበው በኔ ፊደል፦
«የዘህራን ነው። ቀምሼዋለሁ።»

ጉድጓዱን መልሰን ስንደፍን
አፈሩ አልሞላም፤
አንድ ጣውላ ያህል ጎደለ።